በካርታው ላይ ያለው ባሕር ዛፍ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አባት፣ የጎናቸውን ወጣት ባለሙያ ታብሌት ሰረቅ አድርገው እያዩ ጠየቁ።

«ይኼ ከሰማይ የተነሳው ፎቶ ምንድን ነው?»

«የፍኖተ ሰላም ካርታ ነው፣ አባቴ። የመናፈሻ ቦታ የምንመርጥበት።»

«የኔም ጓሮ አለበት?»

«ይኖራል።»

«አረንጓዴ አረንጓዴውን ልትወስዱት አይደል?»

«ኧረ አይደለም! ዛፍ ያለበትን አንነካም፤ የምንፈልገው ባዶውን መሬት ነው።»

«እስቲ ማልልኝ።»

«እውነቴን ነው። ምነው?»

«አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ይወሰዳል ቢሉኝ፣ ባሕር ዛፌን ባለፈው ሳምንት ቆርጬ ጨረስሁት።»

ወጣቱ ጓሮውን በካርታው ላይ ሲፈልግ፣ አባት እንደገና ጠየቁ።

«ፎቶው መቼ የተነሳ ነው?»

«አምና።»

«እንግዲያው ዛፉ እንደ ቆመ ነው በልልኝ፤ መጥተህ እንዳታየው።»

እኔም ያንኑ ወሬ ሰምቼ ከቡሬ ገበያ የገዛሁትን አዲስ መጥረቢያ በእግሬ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋሁት።