ሙጫ የነካት ከተማ

ኤስገር፣ ና እስቲ፣ ሳይክልህን አጥሩ ላይ አስደግፍና ቁጭ በል። ነፋሱ ዛሬ ረጋ ብሏል፣ አይደል? ድንችህስ ዘንድሮ እንዴት ነው? የኔ ደህና ነው። በጭስ የደረቀ ዓሣም ተርፎኛል፤ በጥቁር ዳቦ እንቀምሳለን።

ከስፖርት አዳራሹ ነው የምትመጣው?... እንግዲያው ከተማችንን አይተሃታል። እኔ ማንበብ እንኳ አልሆነልኝም፣ ስለ ንድፍ ምን አውቃለሁ? ግን እንደዚያ የተስተካከለ ነገር አይቼ አላውቅም። የመጫወቻ ጡብ ነው ቢሉህ ታምናለህ? መንገዱ ሁሉ ቀጥ ያለ፣ ቤቱ ሁሉ እኩል። ስንት ዘመን ተጣሞ የኖረውን የወደቡን ሰፈር እሳቸው በሦስት ወር አቀኑት። የሳይክል መንገድ ብቻ ፈልጌ አጣሁ። ምናልባት ከእሳቸው ከተማ ወዲያ መሄድ የሚያምረው ሰው የለም ብለው ይሆናል...

እሳቸው ስልህ ገብቶሃል። የማኅበራችን ሊቀመንበር አንድ ናቸው፣ ስም ምን ያደርጋል?

እኛማ ያልተማርን ነን። ሃያ ዓመት ሙሉ መንገዱን በየጠረጴዛው ሠርተን፣ ጠረጴዛዎቹን ገጥመን፣ በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻ እሑድ ልጆቹ አፍርሰው ጡቡን በየቀለሙ ሣጥን ውስጥ ይመልሱልን ነበር። ጅልነት አይደል? እሳቸው ግን አርቀው ያስባሉ። በሙጫ አጣበቋት። ጡቡን ከጡብ፣ ጠረጴዛውን ከጠረጴዛ። ቀጭ ብሎ ራሱ የሚይዘውን ጡብ በሙጫ! ከእሳቸው በፊት ማን አሰበው?

ኮምፒውተር ላይ የመብራት ምሰሶውን ሳይቀር ለክተዋል አሉ። የአዳራሹን በር ግን... በር ደግሞ ይለካል እንዴ? ሰኞ የእጅ ኳስ ልጃገረዶቹ እዚያው ልምምድ ይጀምራሉ፣ ከተማዋ ደግሞ በበሩ አትወጣም። ነገ በመጋዝ ሊቆርጧት ነው። ጠዋት ቤቴ መጥተው በትሕትና መጋዝ ተዋሱኝ። ሰጠኋቸው። ሞርጄ፣ ስለቱን አውጥቼ ሰጠኋቸው።

ጡቦቹ የማን እንደሆኑ ታውቃለህ። ባለቤቴ ቲራዬ አርባ ዓመት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ እየለቀመች፣ በጥርስ ብሩሽ እያጠበች ያከማቸቻቸው ናቸው። እኛ ልጅ አልወለድንም። በየነሐሴው ግን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እጁን ከእጇ ጋር ሣጥኑ ውስጥ ይከት ነበር። ባለፈው ጥር ስትሞት «ለልጆቹ ስጥልኝ» ነው ያለችኝ። አሥራ ሁለቱንም ሣጥን ለማኅበሩ አስረከብኩ።

መጋዙን ሳቀብላቸው «አንድ እንኳ ያልተጣበቀ ጡብ ተርፏል?» አልኳቸው። «የለም፣ እኔ ሥራ ስሠራ በጥንቃቄ ነው» አሉኝ። አየህ ጨዋነታቸውን? ምንም አልደበቁኝም። እንዲያውም እየሳቁ ነው የነገሩኝ።

ተቀየመ እንዳትልብኝ። ነገ ስታገኛቸው ሰላም በልልኝ። ይኼን ሁሉ ለደከመ ሰው ምርቃት ይገባዋል። እግዜር እንደ ሥራቸው ያቆያቸው በልልኝ። እንዳማሩ፣ እንደተስተካከሉ፣ አቧራ ሳያርፍባቸው ብዙ ዘመን ይኑሩ... የአንድም ልጅ እጅ ሳይነካቸው።