ሁለተኛ የተሰማው የወሰን ክርክር

ካቻምና መስከረም ወደ መተማ ስንወርድ የሚኒባሳችን ጎማ ፈነዳና እስኪቀየር ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። አጠገቤ የነበሩት አቶ ባየልኝ የተባሉ ሽማግሌ የሰሊጥ ገበሬ ከይግባኝ ችሎት መመለሳቸው ነበርና ሳልጠይቃቸው ብሶታቸውን ነገሩኝ። ከጎረቤታቸው ከወይዘሮ ውባንች ጋር በእርሻ ወሰን ተካሰው ረትተው ነበር። ኋላ ግን «ወሰኑ ሲተከል ቆሜ አይቻለሁ» ያለው ዋናው ምስክራቸው በዚያ ወቅት አብደራፊ ከተማ በመጋዘን ተቀጥሮ ሲሠራ እንደነበር የሚያስረዳ ወረቀት ተገኘ። የፈረደው ዳኛም ክርክሩ እንደ አዲስ ይሰማ ብሎ አዘዘ። እሳቸው ይግባኝ ቢሉ የበላዩ ችሎት ትእዛዙን አልነካም አለ።

«የበላይ ከሆነ ለምን አይሽረውም?» አሉኝ በምሬት።

አብራን የምትጓዝ ኢሕሳን የምትባል የመተማ ነጋዴ ልጅ፣ በሕግ የተመረቀች ወጣት፣ ይህን ስትሰማ ቆይታ በትሕትና ፈቃድ ጠየቀች።

«አባባ፣ አንቱ ዘር ሲገዙ በወሬ ይገዛሉ ወይስ ዘግነው አይተው?»

«ዘግኜ ነው እንጂ።»

«ምስክሩን ዘግኖ ያየው የታችኛው ዳኛ ነው። ሲናገር ፊቱን አይቷል፤ የበላዮቹ ያዩት መዝገቡን ብቻ ነው። እሱ በቂ ምክንያት ይዞ ደግሜ ልስማ ካለ፣ ግልጽ ጥፋት ካላገኙበት አይከለክሉትም። ደግሞስ መሬቱ ገና ለወይዘሮ ውባንች አልተፈረደም። እውነቱ ከአንቱ ጋር ከሆነ መሰማቱ ምን ይጎዳዎታል?»

ጎማው ተቀይሮ ሾፌሩ ሲጠራን ሽማግሌው አልተነሡም።

«እቀናባታለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ከጎጃም የሚወርዱት ሠራተኞች የኔን ማሳ አልፈው ከሷ ይገባሉ። ባል የሌላት ሴት እንዴት ትበልጠኛለች እያልሁ ስንት ዓመት ተቃጠልሁ። የወሰኑን ድንጋይ ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

የጎረቤቱን ድንጋይ የሚያነሣ ሰው፣ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት በልቡ ብዙ ጊዜ አንሥቶታል። ኢሕሳን ይህንኑ ለዳኛው እንዲናገሩ መከረቻቸው፤ ቅጣት ሊያገኛቸው እንደሚችልም አልደበቀችም።

በዓመቱ ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ሁሉንም ለችሎቱ ተናግረው መሬቱ ተመልሷል፤ ተቀጥተዋል፤ ከወይዘሮ ውባንችም ጋር በሽማግሌ ታርቀዋል። ያ ትእዛዝ ተሽሮ ቢሆን ሴትዮዋ መሬቷን፣ እሳቸው ደግሞ ጎረቤታቸውን እንዳጡ ይቀሩ ነበር። ዳኛ ስሕተቱን ሊያርም ሲነሣ መንገድ የሚለቅለት የበላይ፣ ሥልጣኑ አይጎድልበትም።

ቅናቱስ ለቀቀዎት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አልለቀቀኝም» አሉ። «ፊት በመሬቷ ነበር፤ አሁን በእርሻ አያያዟ ነው። ሰሊጡን ሁለት ጊዜ እንደምታሳርም ጠይቄ ተረዳሁ። ዘንድሮ እኔም አሳርሜያለሁ።»