ግማሹ በሰሌዳ፣ ግማሹ በስልክ

አካም፣ አባ ዲንቄ! ናጋ? ሰላም ነው? ከብቱ ናጋ? ሣሩስ አበቀለ?... ተመስገን። ይቀመጡ፣ እዚህ ከጎኔ። የዘበኝነት ተራዎ እስኪደርስ አንድ ሻይ ይጠጣሉ። ዝናቡ ዘንድሮ ነገሌን ረሳት... አይ፣ ላርመው፤ አልረሳትም፤ አቧራዋን የሚያስተኛ ያህል ሰጥቷታል። የሰጠንን አንክድም።

ድምፄን ከፍ ባደርግ ይቅር ይበሉኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጆሮዬ ደክሟል፤ ራሴን ካልሰማሁ የተናገርኩ አይመስለኝም። ያ ጥጉ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን የተቀመጠው ወጣት እንደሆነ አይረበሽም፤ ጆሮ ማዳመጫ ሰክቷል... ኧረ አወለቀው! ሞቆት ይሆናል።

እና፣ ጊደሯን ቅዳሜ ገበያ ሊያወጧት ነው አሉ? ልጅዎ ዲንቄ ስትወለድ ከሰጧት ላም የተገኘችውን? ቴሌግራም የሚገባበት ስልክ ሊገዙላት?... ደግ አደረጉ። ደግ አደረጉ አልኩ እንዴ? ስህተት ነው፤ ግድ ሆነብዎ ማለቴ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጊደር አይጠብቅም።

ደብተሯን ትናንት አሳየችኝ። ገጹ እስከ ወገቡ ተጽፎ፣ ከሥሩ «ቀሪው በመምህሩ ቻናል ላይ» ይላል። ትምህርቱ ስለ ድንጋይ አወዳደቅ ነው። ድንጋዩ ከገደል ተለቆ፣ አየር ላይ ቆሟል። ከዚያ በታች መውረድ ወርሃዊ ክፍያ አለው። እኔ ያስተማርኩት ፊዚክስ ያረጀ ነው መሰለኝ፤ በእኛ ጊዜ ድንጋይ ሲለቀቅ መሬት ይደርስ ነበር።

ሐሜት እንደማልወድ ያውቃሉ፤ ስም አላነሳም። ደግሞስ ምን የሚታማ አለው? ትሑት መምህር ነው። ክፍል ውስጥ ድምፁ ከሦስተኛው ወንበር አያልፍም፤ በቻናሉ ላይ ግን እንደ ደወል ይጠራል አሉ። ሩቅ አሬሮ ሆነው የሚከታተሉት ልጆች አንድ ቃል አያመልጣቸውም። በእኛ ጊዜ ድምፅ በራቀ ቁጥር ይደክም ነበር... ሳይንሱ ምን ያህል አደገ!

ደመወዝ እንደማያዳርስ ለእኔ ማን ይነግረኛል? ሠላሳ አራት ዓመት ጠመኔ ይዣለሁ... ሠላሳ ሦስት፤ አንዱን ዓመት ታምሜ ተኝቻለሁ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሬዲዮ እየጠገንኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ቤት ተቀምጦ፣ በስልክ ሠርቶ ጉድለትን መሙላት ምን ነውር አለው? የናስር ልጅ ሳሊም ሱቁን ሲዘጋ ባሕር ማዶ ላሉ ሰዎች ጽሑፍ ይተረጉማል፤ እሰየው! ግን አንድ ኪሎ ስኳር ሲጠይቁት ግማሹን መዝኖ «ቀሪውን በስልክ ይከታተሉ» ሲል ሰምተው ያውቃሉ? አላለም። ንግድ አይገባውም ማለት ነው... ምስኪን።

ሞኙስ እኔ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ እኔም ሳስተምር ያልሸጥኩት በጡረታዬ ይቆጨኛል። አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ጠያቂ ነበር። ደወል ከተደወለ በኋላ እስከ ቤቴ በር እየተከተለ ይጠይቀኛል፤ የፈታሁትን ሬዲዮ አስቀምጬ እመልስለታለሁ። አንድም ቀን «ቀሪውን ነገ» አላልኩትም። ቻናል አልነበረኝማ! አሁን እሱም ጠመኔ ይዞ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ሻዩን እንኳ ሁልጊዜ ጥግ ይዞ ነው የሚጠጣው።

አንቱ ከብት በሚጠጣበት ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ላይ ያደጉ ሰው ነዎት፤ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጎረምሶቹ በመሰላሉ ላይ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ውሃውን እጅ ለእጅ ሲቀባበሉ፣ መሃል ላይ የቆመው ሰው ባልዲውን ተቀብሎ «ከዚህ በላይ የምትፈልጉ በቤቴ በኩል ኑ» ቢል፣ ሽማግሌዎቹ ምን ይፈርዱበታል? ከላይ ከብቱ ተጠምቶ ቆሟል። ከታች ያቀበለው ሽማግሌ ደግሞ ውሃው ላይ ደርሷል ብሎ አሁንም ይዘፍናል... 

ይተዉት፣ አይመልሱልኝ። ወጣቱን ሻዩ ትን አለው። ውሃ ስጡት እንጂ! ሙሉ ብርጭቆ ይሁን፤ ግማሽ አይሆንም፤ ያሳዝናል።

ለማንኛውም ጊደሯን አይቸኩሉባት። ዛሬ ገና ማክሰኞ ነው፤ ቅዳሜ እስኪደርስ ሦስት የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ አለ... ሦስት አይደለም፣ ሁለት። ሁለትም ቢሆን ለሚያስተምር ሰው ይበቃል። ማን ያውቃል፣ ድንጋዩ መሬት ይደርስ ይሆናል። ካልደረሰ ግን ዲንቄን ወደ እኔ ይላኳት፤ ዓይኔ ቢደክምም አብረን እናወርደዋለን።

በሉ፣ ተራዎ ደርሷል፤ ግን ሰው አንስቶ ሳይመርቁ መነሳት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። አሜን እያሉ ይቀበሉኝ። ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ቤቱን ይሙላለት። ደንበኛውን... ተማሪውን ማለቴ ነው፣ ያብዛለት። ልጅ ወልዶ ይሳም። ያም ልጁ አድጎ፣ አዲስ ደብተሩን ታቅፎ ክፍል ሲገባ፣ ፈጣሪ ምንም ሳይጨምርበት ምንም ሳይቀንስበት፣ ልክ አባቱን የመሰለ መምህር ይስጠው።