የብርኩማዋ ባለቤት

(በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ኮረብታ ላይ ባለ ሙዚየም ውስጥ፤ ለቀጨም ሜዳ ተማሪዎች የኢንተርኔት ጉብኝት የምታዘጋጀው ትርሲት ስልኳን ማቆሚያው ላይ ሰክታ፣ ሠላሳ ዓመት ያስጎበኙትን ጋሽ ጎሳዬን እየለመነች ነው።)

ጎሳዬ፦ ጋኑን ላሳያቸው አልኩሽ። ጋኑ ምን አነሰው?

ትርሲት፦ ጋን በየቤታቸው አለ፣ ጋሽ ጎሳዬ። ልጆቹ የጠየቁት የእንጨት ትራሷን፣ ብርኩማዋን ነው።

ጎሳዬ፦ እንግዲያው መጥተው ይዩዋት።

ትርሲት፦ በምን? መንገዱ የአንድ ቀን ነው። ቢመጡስ ስልሳ ሁለት ደረጃ አለ። አንዷ ተማሪ በክራንች ነው የምትሄደው።

ጎሳዬ፦ እኔስ በዚህ ጉልበቴ እወጣው የለ?

ትርሲት፦ እርስዎ ደመወዝ አለዎት።

ጎሳዬ፦ እሱን ደመወዝ ካልሽው።

ትርሲት፦ ሰኞ ወገቤን አሉኝ። ትናንት ጉሮሮዬን አሉኝ። መምህሩ አሁንም ልጆቹን በአንድ ስልክ ዙሪያ ሰብስቦ እየጠበቀ ነው። ደከመኝ።

ጎሳዬ፦ ስንት አገር እያለ ቀጨም ሜዳን መረጥሽ።

ትርሲት፦ ቀጨም ሜዳዎች ምን አደረጉዎት?

ጎሳዬ፦ እነሱማ ምንም። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ምን ይላል? ማን ነበሩ የሚንተራሷት?

ትርሲት፦ የፊታውራሪ ቢሻው ባለቤት፣ ወይዘሮ አማከለች።

ጎሳዬ፦ እንደዚያ የሚባሉ ሰው የሉም።

ትርሲት፦ እንዴት የሉም? ሹሩባቸው እንዳይፈርስ አንገታቸውን እንዴት እንደሚያሳርፉ በየቀኑ ያሳዩ የለም እንዴ?

ጎሳዬ፦ አሳያለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ከቀጨም ሜዳ በጆንያ ይዘዋት መጡ። መዝገቡ ተቆልፎበታል፣ ቁልፍ ያዡ ምሳ ወጥቷል። ነገ እጽፈዋለሁ ብዬ ሸኘኋቸው። ሲነጋ ስማቸው ጠፋኝ።

ትርሲት፦ ከዚያስ?

ጎሳዬ፦ አንድ ሹም መጥቶ የማን ናት አለ። አላውቅም ማለት አፈርኩ። ለባላገር ሴት ብርኩማ ደግሞ ማን ጎንበስ ይላል? ፊታውራሪ ጨመርኩበት። በማግስቱ ኃላፊው በታይፕ አስመትቶ ለጠፈው።

ትርሲት፦ ይኸው ሠላሳ ዓመት።

ጎሳዬ፦ እዚህ ስናገረው ደረጃውን ሳይወርድ ይቀራል። በዚህ በአንቺ ስልክ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሴትዮዋ የልጅ ልጅ ከፊት ተቀምጣ ቢሆንስ?

ትርሲት፦ ብትሆንስ? ስማቸውን የምታውቀው እሷ ናት።

ጎሳዬ፦ በዚህ ዕድሜዬ በልጆች ፊት ልዋረድ?

ትርሲት፦ አላስገድድዎትም። መብራት ጠፋ ብዬ እደውልለታለሁ።

ጎሳዬ፦ መብራቱ አለ እኮ።

ትርሲት፦ መምህሩ በምን ያውቃል?

ጎሳዬ፦ ተይ። ይለመድብሻል። እኔም አንድ ቀን ነበር የጀመርኩት።

ትርሲት፦ ታዲያ ምን ላድርግ?

ጎሳዬ፦ መጀመሪያ ያን ወረቀት ከመስታወቱ ላይ ላጪው።

ትርሲት፦ ላጥኩት። ምን ብለው ሊጀምሩ ነው?

ጎሳዬ፦ ስልኩን ክፈቺው። «ልጆች፣ ይህችን ብርኩማ እኔ አላውቃትም፤ ዛሬ እናንተ አስጎብኙኝ» እላለሁ።