ከምርጫ ጣቢያው ደጅ የቀሩት አቶ አጊም ናስቶ

አቶ አጊም ናስቶ ከአባታቸው ከአቶ ቫንጄል ናስቶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፓንዶራ ጆርጂ እ.ኤ.አ. በ1958 ዓ.ም. በአልባኒያ፣ ኮርቻ አጠገብ በምትገኝ የድንጋይ ጠራቢዎች መንደር ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ የአባታቸውን ሙያ ይዘው፣ ወይዘሮ ሊሪን አግብተው ወንድ ልጅ ካፈሩ በኋላ በ1991 ተራራውን በእግራቸው አቋርጠው ወደዚህ ወደ ግሪክ፣ ቮሎስ ከተማ መጡ። የመጀመሪያው አሠሪያቸው “አጊም የሚሉት ስም አልያዝ አለኝ፤ ታናሲስ ሁን” ቢሏቸው እሺ አሉ፤ ከዚያም ከሠላሳ ዓመት በላይ በሥራ ቦታም በሰፈርም፣ በቤታቸው ደወል ላይ ሳይቀር፣ ታናሲስ ሆነው ኖሩ።

እዚሁ የተወለደችው ልጃቸው አኒላ ተምራ ዜግነት ባገኘች ጊዜ፣ አቶ አጊም የአገራችንን የአልባኒያን ሰው ደጅ ሁሉ እያንኳኩ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች በመራጭነት መመዝገባቸውን ያጣሩ ጀመር። ድሮ ሰላምታ የሚነፍጓቸው የምርጫ ተወዳዳሪዎች እኛ ቡና ቤት ድረስ መጥተው “ታናሲስ ወንድሜ፣ ለመሆኑ ስንት ናችሁ?” እያሉ ያቅፏቸው ነበር። እሳቸውም “እኔን ተወኝ፣ ልጆቹን ቁጠር!” ብለው ይስቁ ነበር።

ዜጋ ስላልነበሩ ራሳቸው መምረጥ አለመቻላቸው ግን ያንገበግባቸው ነበር። አኒላ ለከተማው ምክር ቤት ስትወዳደር በገዛ እጃቸው ሊመርጧት ተመኝተው ለዜግነት አመለከቱ። የዜግነት ፈተናው ጥሪ በእውነተኛ ስማቸው ተጽፎ ቢመጣ፣ ዘወትር ሰላም የሚላቸው ፖስተኛ “አጊም የሚባል ሰው እዚህ የለም” ብሎ መለሰው፤ እሳቸው የሰሙት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። በምርጫው ዕለት አርባ ሦስት ወጣቶችን እየመሩ ወስደው፣ ራሳቸው እስኪመሽ የምርጫ ጣቢያ ከሆነው ትምህርት ቤት አጥር ውጭ ቆሙ። አኒላ ተመረጠች።

ባለቤታቸው ካረፉ፣ ልጃቸው ዲሚተር ጀርመን ከሄደ፣ አኒላም በስብሰባ ከተወጠረች ወዲህ ብቻቸውን ይበሉ ነበር። እኛም ሥራ በዛብን እያልን አዘውትረን አልጠየቅናቸውም፤ ይህ ይቆጨናል። የድንጋይ ብናኝ ያመጣባቸው የሳንባ ሕመም ጠንቶባቸው፣ ሁለተኛውን የፈተና ጥሪ እንደጠበቁ ባለፈው ማክሰኞ አረፉ።

የቀብሩ ማስታወቂያ በየምሰሶው ሲለጠፍ በእውነተኛ ስማቸው ይሁን ያለችው አኒላ ናት። ጎረቤቶቻቸው አንብበው “የማናውቀው ሰው ነው” ብለው እንዳለፉ ዛሬ ጠዋት ሰማን፤ እዚህ መቃብሩ አጠገብ አሥራ ሁለት ብቻ ሆነን የቆምነውም ለዚህ ነው።

አቶ አጊም የሁለት ልጆች አባትና የአንዲት ልጅ አያት ነበሩ፤ ይህን የማነብላችሁ እኔም የባለቤታቸው ወንድም ነኝ። እግዚአብሔር አጊም ብሎ ጠርቶ ያስገባቸው፤ ነፍሳቸውንም ያሳርፍልን።