ሸሚዙን ማን ተኮሰው?

ግቢ እንጂ፣ ምን በር ላይ ትገተሪያለሽ? ዳቦ ቤቱን ለማን ጥለሽ መጣሽ? ነፋሱስ ዛሬ ምን ነክቶታል እቴ፣ ጨርቄን ሁሉ ከመደርደሪያ አወረደው። ቁጭ በይ፣ ቀሚስሽ ደርሷል፤ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው። እኒህን ጋሼ ላስቀድማቸውና... ነገ መድረክ ላይ ይወጣሉ፤ የሚሸለሙበት ሱሪ ትንሽ ረዝሞባቸዋል። ጋሼ፣ ወንበሩ ይመቻል አይደል? ጋዜጣዎን ያንብቡ፤ የሴቶች ወሬ ነው፣ አይስሙን።

ምን እያልኩሽ ነበር... አዎ፣ ደግ ሰው። ደግ ሰው ጠፋ ትያለሽ አይደል? አልጠፋም። እኔ አንድ አውቃለሁ። ስሙ ምን ያደርግልሻል? ደግ ሰው በሥራው ነው የሚታወቀው።

ይህ ሰው እህት አለችው። ማተሚያ ቤት፣ ጥረዛ ክፍል ነበረች። መጽሐፍ ስትሰፋ ብታያት፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ የምለዋ መርፌዬን እደብቅ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ መኪና ገጫት፤ ነፍሷ ተረፈ፣ እግሮቿ ግን አልታዘዝ አሏት። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዋለች። የአካል ጉዳት ድጎማም ተፈቀደላት። ታዲያ ወንድም ለመቼ ነው? ቤቱ ወሰዳት። «ከእንግዲህ አንቺ ማረፍ ብቻ ነው» አላት።

አሳረፋትም! ጠዋት ልጆቹን አልብሳ፣ አብልታ፣ ፀጉራቸውን አበጥራ ትሸኛለች... ከዚያ ታርፋለች። ሽንኩርት ትልጣለች፣ ድስት ትጥዳለች፣ ሸሚዙን ትተኩሳለች። አማቱ የታመሙ ጊዜም አስታማሚዋ እሷው ነበረች። ዕረፍት በዕረፍት ላይ! ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባል የለ? እዚያ ቤት ዘመዱ ለእሱ፣ አመዱ ለእሷ ደረሰ።

አንዳንዴ «ወደ ጥረዛዬ ብመለስስ?» ትለው ነበር። «አብደሻል? ሥራ የነካሽ ዕለት ድጎማሽ ተቆረጠ ማለት እኮ ነው! ኋላ ባይሆንልሽ ማን ይመልስልሻል?» ይላታል። ሳስቶላት ነዋ! እሷም ፈርታ ወደ ድስቷ ትመለሳለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ በላይዋ ሄደ።

የሰውዬውን ሥራ አልነገርኩሽም ለካ! ግንዛቤ ማስጨበጥ ነው። እውነቴን ነው፣ ምን ያስቅሻል? ድጎማ የሚያገኙ አካል ጉዳተኞች ሥራ መሞከር እንደሚችሉ ለሕዝብ የሚያሳውቀው ክፍል ኃላፊ ነው። ከከተማ ከተማ ዞሮ ያላስጨበጠው እጅ የለም... የእህቱ እጅ ግን ካውያ ስለያዘ፣ በየት በኩል ያስጨብጣት? ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ሲሉ ሰምተሻል። ይሄኛው ራሱ በሸክላው ነው የሚበላው፤ ገሏን ለእህቱ ትቶላታል... ጋሼ፣ ብርሃን አነሰዎት እንዴ? አንድ ገጽ ላይ ቆዩብኝ።

እና አንድ ጠዋት ሸሚዙን እየተኮሰች ሳለ፣ ሬዲዮኑ የወንድሟን ድምፅ ይዞላት መጣ። እንዴት ያለ አንደበት መሰለሽ! «ወገኖቼ፣ ሥራ ስትሞክሩ ድጎማችሁ ወዲያው አይቋረጥም። የመሞከሪያ ጊዜ አላችሁ። ባይሆንላችሁ ወደነበራችሁበት የምትመለሱበት መንገድ አለ፤ በነፃ የሚረዳችሁ አማካሪም አለ። ችግራችን ቤተሰብ ነው! ቤተሰብ እቤት ደብቆ ያስቀራችኋል።» አያምርም? እንዲህ ያለ እውነት ከእንዲህ ያለ አፍ... ሰምቼ አላውቅም። እሷ ፍዝዝ ብላ ስታዳምጥ ካውያው ሸሚዙ ጀርባ ላይ ቀረ። በኋላ ኮት ደርቦበት ሄደ አሉ። ኮት የማይሸፍነው ምን አለ?

ሲገባ ጠየቀችው። አልጮኸችም። «በሬዲዮ ያልከው እውነት ነው?» ብቻ። «እሱ እኮ ለሕዝቡ ነው፤ አንቺ እህቴ ነሽ» አላት። አየሽ፣ እህትነት እንዲህ ያስቀራል! እኔ ጋ መጥታ ስታለቅስ «መዋሸቱ አይደለም... እያወቀ፣ እያወቀ ነው» ትል ነበር።

በማግስቱ ታክሲ ይዤ ወሰድኳት። የት አትይኝም? እሱው መሥሪያ ቤት ነዋ! እሱ ለግንዛቤ ወጥቷል። አማካሪዋ ስታያት ደስታዋ! «ከእናንተ ሰፈር ሰው ሲመጣ አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ፤ ማን ነገረሽ?» አለቻት። «ሬዲዮ» አለች የኛዋ፣ መሬት መሬት እያየች። አማካሪዋ ማተሚያ ቤቱ ድረስ ሄዳ ተነጋገረችላት፤ የጥረዛውን ጠረጴዛ በወንበሯ ልክ ዝቅ አደረጉላት። መጀመሪያ ላይ ክሩ እየተበጠሰ ሲያስቸግራት፣ «ልተወው ይሆን?» ብላኝ ነበር። ግን ድጎማዋ ስላልተነካ ምን አስቸኮላት? ቀስ እያለ እጇ ራሱ አስታወሰ። ዛሬ ምድር ቤት አንድ ክፍል ተከራይታ፣ የራሷን በር በራሷ ቁልፍ ትከፍታለች።

እሱስ? ኧረ ደህና ነው! «የገዛ እህቱን ለሥራ ያበቃ» ተብሎ ሽልማት ደርሶታል። ሐሰት ነው እንዳትይ! እሱ ባይናገር ከየት ትሰማ ነበር? ሸሚዙ ብቻ ሰሞኑን ጭምድድ ብሏል። ያ ሁሉ ሰው እቤቱ አለ፣ ሁሉም ሙሉ ጤነኛ ነው... ካውያ የሚችል ግን ታጣ።

ይኸው ጋሼ፣ ሱሪዎ ደረሰ። ውይ፣ ላብ በላብ ሆኑ እኮ፣ በዚህ ነፋስ! ሸሚዝዎንም ያውልቁና ልተኩስልዎ... ይቅር? እንዳሉ። ነገ እህትዎ ትመጣ ይሆን፣ ወይስ ሥራ ትገባለች?

በሉ ልመርቅዎ። ዕድሜ ከጤና ይስጥዎ። ልጆችዎ አባታቸውን ይምሰሉ፤ ጉልበት የከዳዎት ዕለትም፣ ልክ እንዳሳዩዋቸው አድርገው ይጡሩዎት።

አሜን በሉ እንጂ፣ ጋሼ!