ለትርንጎ መንገድ የከፈትን ጊዜ

በእኛ ጊዜ፣ ስሙኝማ ልጆች፣ ብትሸብቱም ለእኔ ልጆች ናችሁ፣ በእኛ ጊዜ ጎንደር ገጠር የአንድ ሰው ቤት ዕቃ አንዲት አህያ ተሸክማው ትሄድ ነበር፣ ያውም ሳትደክም! ቁርበት፣ ድስት፣ ገንቦ፣ ሞሰብ፣ በቃ። እና ያንኑም ቢሆን ፋሲካ ሲደርስ የእኛ የቤተ እስራኤል ሴቶች አሮጌውን ሸክላ እያወጡ ይሰብሩት ነበር፣ እርሾ የነካው ነው ብለው፣ ለቂጣው አዲስ ይሠራሉ። ባለቤቴን ትርንጎን ታውቋት የለ፣ ልጅ ሆና እንኳ "እኔ ልስበር! እኔ ልስበር!" እያለች የጎረቤቱን ሸክላ ሳይቀር የምትሰብረው እሷ ነበረች አሉ። እሷ ለመስበር፣ እኔ ለመሰብሰብ ተፈጠርን! እግዚአብሔር እንዴት አድርጎ እንዳገናኘን እንጃ።

እሺ፣ ታዲያ እዚህ እስራኤል፣ ቤርሼቫ መጣን፣ ሽኩና ኣሌፍ ከሚባለው ሰፈር ይሄን ቤት አገኘን፣ ቤቱ ባዶ ነበር፣ ስትናገሩ ድምፃችሁ ይመለስላችኋል። እኔ እዚሁ አጠገባችን ካለችው የሀብታሞች ከተማ፣ ዖሜር፣ ሥራ ያዝኩ፣ የሰው ግቢ፣ አበባ ማጠጣት፣ ሣር ማጨድ። ዖሜር ያው ሁሉም ባለ ግቢ፣ ሁሉም ባለ መኪና ነው። እና እነዚህ ሰዎች ዕቃ ሲሰለቻቸው ምን ያደርጋሉ? አጥር ሥር ያወጡታል! ምንም ያልሆነ ወንበር! የሚበራ መብራት! እኔ ዓይኔን አላመንኩም። "እመቤቴ፣ ይሄ የማን ነው?" እላታለሁ ያቺን የምታሠራኝን ሴትዮ። "የማንም፣ ካሕ፣ ካሕ" ትለኛለች፣ ውሰድ ማለቷ ነው። እና ወሰድኩ! በአውቶቡስ እየጫንኩ! ሾፌሩ ሲያየኝ ገና ከሩቅ መሪውን ይመታል፣ "አባባ! ይሄ አውቶቡስ ነው እንጂ የጭነት መኪና አይዶለም!" እኔ ደግሞ "ወንበሩ ላይ ተቀምጬበት እሄዳለሁ፣ ያንተን አልነካም" እለዋለሁ። ይስቃል፣ ይከፍትልኛል።

ታዲያ እንዲህ እንዲህ እያለ ቤቱ ሞላ። እንዴት ሞላ መሰላችሁ! ወንበር በወንበር ላይ እስከ ጣሪያ። ጀርባው ያበጠው የድሮ ቴሌቪዥን፣ ከነጓደኛው። ጭንቅላት የሌለው ቬንቲሌተር። ወፍ የሌለው የወፍ ቤት። አንድ ትልቅ ቁም ሣጥን ሳሎኑ መሐል፣ ግድግዳው ሁሉ ስለተያዘ መሐል አቆምኩት። ትርንጎ በአንድ በኩል ትቀመጣለች፣ እኔ በሌላ በኩል፣ "ትርንጎ፣ አለሽ?" ስላት "የት እሄዳለሁ፣ መውጫው የታለ?" ትለኛለች። እኔ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

እና ባለፈው ክረምት ትርንጎ ከአውቶቡስ ስትወርድ ዝናብ አንሸራተታትና ዳሌዋ ተሰበረ። ሆስፒታል ገባች፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ተመስገን ደህና ሆነች። "በዊልቸር ትሄዳለች፣ በኋላ ቀስ እያለች ትቆማለች" አሉን። ደስ አለን! ታዲያ አንዲት ኦቬዴት መጣች፣ በሽተኛው ቤቱ ይመቸው እንደሆነ የምታይ ሠራተኛ። በሩን ከፈትኩላት፣ አንድ እግሯን አስገባች፣ ሁለተኛውን የምታሳርፍበት አጣች! ሜትር አወጣች፣ ኮሪደሩን ለካች፣ እንደገና ለካች፣ ከዚያ እኔን እያየች፣ ድምፅዋ ለስላሳ ነው፣ "ዊልቸሩ እዚህ አያልፍም። ቤቱ እንዲህ ከሆነ ወደዚህ ልልካት አልችልም፣ ቤት አቮት እስክናገኝላት እዚያው ትቆያለች" አለችኝ።

ቤት አቮት! የሽማግሌዎች ማደሪያ! ትርንጎን! እኔ ያን ጊዜ ከአንዱ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። "ካጸዳሁትስ?" አልኩ። "ካጸዳኸውማ የምትወጣ ቀን መጥቼ አያለሁ፣ ዊልቸሩ ከመኝታ ቤት እስከ መታጠቢያ ቤት ካለፈ፣ በሰደር" አለችኝና ሄደች። በሰደር ካለች እሺ ብላለች ማለት ነው።

እና ለልጅ ልጄ ለሊአት ደወልኩ። የሊአትን ሥራ ታውቃላችሁ? አታውቁም! እኔም አላውቅም ነበር። የሰው ቤት ታስተካክላለች። አታጸዳም፣ ታስተካክላለች! የት? ዖሜር! የማይፈልጉትን ታስመርጣቸዋለች፣ የሚፈልጉትን ቦታ ቦታ ታስይዛለች፣ ለዚህ ይከፍሏታል! መጀመሪያ የነገረችኝ ቀን "ታዲያ የሚጥሉትን ለምን አታመጪልኝም?" ብላት "ሳባ! ዳይ!" ብላ ጮኸችብኝ። ሳባ የምትለኝ አያቴ ማለቷ ነው፣ ዳይ ደግሞ በቃህ ነው።

መጣች። ጫማዋን አወለቀች፣ ፀጉሯን አሰረች፣ የመጀመሪያውን ዕቃ፣ ያን ቬንቲሌተር፣ አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። "ሳባ፣ ያዘው። ዓይንህን ጨፍን። ደስ ይልሃል?"

"በጣም!"

"ጭንቅላት እኮ የለውም!"

"አውቃለሁ፣ ግን ሳመጣው ያ ሾፌር እንዴት እንደሳቀ ብታይ!"

ፊቷን ወደ ጣሪያው አዞረች። "እሺ ይሄስ?" የወፉን ቤት። "ደስ ይለኛል!" "ይሄስ?" ቴሌቪዥኑን። "ኧረ ይሄማ!" "ሁለተኛውስ?" "እሱማ የዚያ ጓደኛ!" ልጆች፣ አልዋሸኋትም፣ እያንዳንዱን ሳነሳ ልቤ ፍንድቅ ይላል! "ደስ ያላለህን አመስግነህ ታወጣለህ" አለችኝ፣ "ማንን ነው የማመሰግነው?" አልኳት፣ "ዕቃውን" አለች፣ "ወንበር ይመሰገናል?" አልኩ፣ እና ሁለታችንም ሳቅ በሳቅ። ግን ሲመሽ ከደጅ የወጣው አንድ የተቀደደ ጃንጥላ ብቻ ነበር። ሊአት መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "ሳባ፣ ሁሉም ደስ ካለህ ሳቭታ አትመጣም" አለችኝ። ሳቭታ አያቷ ትርንጎ ናት።

በማግስቱ ሊአት ዘዴ አመጣች። ስልኳን አወጣች፣ በምስል ሆስፒታል ደወለች፣ ትርንጎ በአልጋዋ ላይ ወለል ብላ ታየች! "ሳቭታ፣ ሳባን ተይው፣ አንቺ ንገሪኝ፣ ይሄ ደስ ይልሻል?"

"አውጪው!" አለች ትርንጎ።

"ይሄስ?"

"አውጪው! ይሄ ቀሚሴን የቀደደ እሱ አይዶል? አውጪው!"

ልጆች፣ ያቺ ሴት በሕመም የደከመች ናት፣ ከትራስዋ ቀና አለች! ጉንጯ ቀላ! "ያንን ከኋላ ያለውን አሳዪኝማ፣ አዎ እሱን፣ ጣዪው! ፋሲካ ነው በይ! ስበሪው!" ከጎኗ የተኛች አንዲት ሩሲያዊት አሮጊት አማርኛ የት ታውቃለች፣ ግን ነገሩ ገባት፣ አንገቷን አስግጋ ስልኩን እያየች "ሊዝሮክ! ሊዝሮክ!" ትላለች፣ ጣሉት ነው። ነርሷ ሳትቀር መጣች! እኔ እዚህ እሸከማለሁ፣ ደረጃ እወርዳለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ከስልኩ ውስጥ ሳቅ ብቻ! ያን ቁም ሣጥን የጎረቤት ጎረምሶች ፈተው ሲያወጡት ትርንጎ እልል አለች፣ ሆስፒታል ውስጥ! እኔ ያኔ ነው የገባኝ፣ እኔ ደስ እያለኝ ባመጣሁት ዕቃ ትርንጎ ይሄን ሁሉ ዓመት ስትተነፍስ እንኳ ተጨንቃ ነው።

ታዲያ አንዲት በርጩማ ቀረች። ትንሽ ናት፣ እግሯ ወልገድ ያለ፣ እኔው ራሴ ከጣውላ ፍልጥ የሠራኋት፣ እንደመጣን ሰሞን፣ ቤቱ ባዶ ሳለ። እሷን በራሴ እጅ ይዤ ልወጣ ስል ከስልኩ "ቁም!" የሚል መጣ። "እሷን የት ትወስዳታለህ?" አለች ትርንጎ። "አስቀያሚ ናት እኮ" አልኳት። "አንተም አስቀያሚ ነህ፣ ትቀመጥ!" አለችኝ። እና አለቀስኩ ልጆች፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ በርጩማዋን ታቅፌ አለቀስኩ። "ነይልኝ ብቻ" አልኳት።

ቤቱ ተከፈተ! ሊአት የቀረውን ቦታ ቦታ አስያዘች፣ ልብሱን አጣጥፋ ደርድራ፣ ብርጭቆውን እጅ ከሚደርስበት፣ መድኃኒቱን ለብቻ፣ ፎቶ አንስታም ለኦቬዴቷ ላከችላት። ወንበር ስንት ቀረ? "ለሁለት ሰው አራት ይበቃል" አለች ሊአት። ትርንጎም "ይበቃል" አለች። እኔም "ይበቃል" አልኩ። አያችሁ ጅልነታችንን? አሁን ገብቷችኋል፣ ትስቃላችሁ! ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ እኛ ቤት አራት ወንበር?

እሷ የመጣች ዕለት! አምቡላንስ አወረዳት፣ ዊልቸሩ በበሩ ገባ፣ በኮሪደሩ ሄደ፣ ግራም ቀኝም አልነካም! ሊአት አጨበጨበች። ገና ሳንጠግባት በሩ ተንኳኳ። "እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ!" ጎረቤታችን ታረቀኝ ነው፣ ወንበር ተሸክሟል። አየሁት፣ የኔ ወንበር! "ከደጅ አንስቼያት ነበር፣ ለጠያቂ መቀመጫ ሳያንሳቸው አይቀርም ብዬ ይዣት መጣሁ" አለኝ። ተከትሎ ሚስቱ፣ ወንበር። ከላይ ፎቅ ያሉት፣ ወንበር። ከቤተ ዘመድ፣ ከሥራ ጓደኛ፣ ከዚህ ከሽማግሌዎች ማኅበር፣ እናንተም መጥታችኋል፣ አትካዱኝ! ያወጣሁት ሁሉ በየሰው ትከሻ ተመልሶ ገባ! አንዷማ የወፉን ቤት ይዛ መጣች፣ ብርቱካን ሞልታበት! ሊአት "ሎ፣ ሎ፣ ሎ" እያለች፣ አይሆንም አይሆንም ማለቷ ነው፣ ራሷን ይዛ ኩሽና ገባች።

ሳሎኑ ጢም አለ፣ ኮሪደሩ ጢም አለ፣ ጨዋታው ደርቷል፣ ምርቃቱ ይዘንባል፣ እና በሩ ተንኳኳ። ኦቬዴቷ!

በሩ ላይ ቆመች። ሰውን አየች፣ ወንበሩን አየች፣ እኔን አየች። "ባዶ ነው ብላችሁ ፎቶ ላካችሁልኝ" አለች። "ባዶ ነበር!" አልኩ። "ታዲያ ዊልቸሩ በየት ነው የሚያልፈው?" እኔ አሁን ይወስዱብኛል፣ አሁን ዓይኔ እያየ ይወስዷታል ብዬ የዊልቸሩን እጀታ ጨብጬ ያዝኩ።

ያኔ ትርንጎ "ልቀቀኝ" አለችኝ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞራ "ተነሡ!" አለች። እንዴት ያለ ድምፅ! "የተቀመጣችሁበትን ወደ ላይ አንሡ!" እና ሰው ሁሉ ብድግ አለ፣ እያንዳንዱ ወንበሩን ከራሱ በላይ አነሣ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ፣ በመሐል መንገድ ተከፈተ! ትርንጎ ራሷ ጎማውን እየገፋች፣ ማንንም ሳታስነካ፣ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ መታጠቢያ ቤት፣ ከዚያ ኩሽና ደርሳ አንድ ብርቱካን አንስታ ተመለሰች። እልልታው ቤቱን አናጋው! ብርቱካኑን ለኦቬዴቷ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ሳቀች፣ ግን ሥራዋን አልረሳችም፣ "እንግዶቹ ሲሄዱ ወንበሮቹም ይሄዳሉ፣ ቃል ግባልኝ" አለችኝ። "በእግዚአብሔር ስም!" አልኩ። "እንግዲያው ቤቷ ትቆይ" አለች።

ቃሌን ጠበቅሁ። በር ላይ ቆሜ "የተቀመጥክበትን ይዘህ ውጣ! አንቺም! ባዶ እጅ መሄድ የለም!" እያልኩ ሸኘሁ። ደረጃው ሙሉ በወንበር ሰልፍ። የታችኛዋ ጎረቤታችን፣ ሞሮኳዊቷ፣ በሯን ከፍታ "ምነው፣ ቤት ልትለቁ ነው?" አለችን። "ኧረ ዛሬ ነው የገባነው!" አልኳት።

ከዚያ ሰው ሁሉ ወጣ። ሊአትም ሄደች። እኔ በአንድ ጥግ ተቀመጥኩ፣ ትርንጎ በሌላው ጥግ፣ በመሐላችን ምንም የለም፣ ወለሉ ብቻ። ትርንጎ ታየኛለች። ከላይ እስከ ታች ታየኛለች። እኔ አሁን ታመሰግነኛለች ብዬ ደረቴን ነፋ አደረግሁ።

"አንተ" አለችኝ።

"አቤት" አልኳት።

"ለካ እንዲህ አርጅተሃል?"

ሳቁ፣ ሳቁ እንጂ! እኛም ጎናችንን እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ ዊልቸሯን ገፍታ መጣች፣ ምንም ሳያግዳት ቀጥ ብላ እኔ ዘንድ መጣችና እጄን ያዘችኝ።